ከኮርቻው ላይ፦ ዝም ያለ እጅ ከየት ይመጣል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ድሬሳዥ የሚጠይቁ ናቸው። አንዱ እጁ፣ አንዷ እግሯ፣ ሌላው ወገቡ አስቸግሮት ይጽፋል፤ አንብቤ ስጨርስ ግን ሁሉም ስለ አንድ ነገር የጻፉልኝ መሰለኝ። ድሬሳዥ ፈረስን ደረጃ በደረጃ እያፍታቱና ሚዛኑን እያስተካከሉ፣ ፈረሰኛው የሚሰጠው ምልክት ከተመልካች ዓይን እስኪሰወር ድረስ የሚያሠለጥኑበት ጥበብ ነው። ሁላችንም የምንሰናከለው «እስኪሰወር ድረስ» የሚለው ላይ ነው። ስድስት ደብዳቤዎችን መርጫለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሰፊው የመለስኩት የሌሎቹ ጥያቄዎች ግማሽ መልስ እዚያ ውስጥ ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ዓመት ጋልቤያለሁ። ተቀምጬ በሶምሶማ ስሄድ እጄ ላይና ታች ይዘላል። አሠልጣኜ «እጅህን አታንቀሳቅስ!» እያለ ይቆጣኛል። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ፣ ጡጫዬን ጨብጬ ለመያዝ ስሞክር ደግሞ ፈረሱ ይባስ ብሎ አንገቱን ሽቅብ ያነሣል፤ አፉንም ይከፍታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አሠልጣኝዎ ያዩት ትክክል ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሽታውን እያባባሰው ነው። ዝም ያለ እጅ የሚባለው ከፈረሱ አፍ አንጻር ዝም ያለ እጅ ነው። ከእርስዎ ሰውነት አንጻር ዝም ካለማ ፈረሱን እየነቀነቀ ነው ማለት ነው።

በሶምሶማ ፈረሱ እግሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ በሰያፍ ያነሣል፤ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ አብረው፣ ቀጥሎ የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ አብረው። በሁለቱ መካከል አራቱም እግሮች ለቅጽበት ከመሬት ይለቃሉ። ስለዚህ ጀርባው ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ራሱ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። እርስዎ የተቀመጡት ከሚነሣውና ከሚወርደው ክፍል ላይ ነው። ክርንዎ ከጎንዎ ጋር ከተቆለፈ እጅዎ ከትከሻዎ ጋር አብሮ ይዘላል፤ የልጓሙም ብረት በየእርምጃው አፉን ይመታዋል። አንገቱን ሽቅብ ማንሣቱን አመፅ አድርገው አይቁጠሩበት፤ ከሚመታው ነገር እየሸሸ ነው።

እንግዲህ መከፈትና መታጠፍ ያለበት ክርንዎ ነው። ይህን በቃል ከማስረዳት እጅዎ ራሱ ቢማረው ይሻላል። በእያንዳንዱ ሁለተኛ ምት ከኮርቻው እየተነሡ በሶምሶማ ይሂዱ። ሁለቱን ትናንሽ ጣቶችዎን ከኮርቻው ፊት ለፊት፣ ጋማው የሚያልቅበት ጉብታ ላይ ያሳርፉና እንዳይለቁ ያድርጉ። ሲነሡ ክርንዎ ካልተከፈተ ጣቶችዎ ይለቃሉ፤ ሲቀመጡ ካልታጠፈ ወደ ፊት ይገፋሉ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር እንዲህ ከሄዱ በኋላ ጣቶችዎን በአራት ጣት ስፋት ብቻ ከፍ ያድርጉና እጅዎ ያንኑ ስሜት እንዲያስታውስ ይተዉት። ጡጫዎን እርጥብ ስፖንጅ ሳይጨምቁ እንደሚይዙ ያህል ይዝጉት፤ አውራ ጣቶች ወደ ላይ ይሁኑ። ከክርንዎ እስከ ልጓሙ ብረት ያለው መስመር ከጎን ለሚያይ ሰው ቀጥ ያለ መሆን አለበት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ለሶምሶማ ነው። በእርምጃና ከሶምሶማ በሚፈጥነው ግልቢያ ጊዜ ፈረሱ ራሱን ይነቀንቃል። ያኔ እጅ ወደ ፊት እየሄደ፣ እየተመለሰ አፉን መከተል አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እጅ የሚዘለው ብዙውን ጊዜ መቀመጫ ስለሚዘል ነው። ፈረሰኛው ሲንገጫገጭ ይፈራል፤ ሲፈራ በጉልበቱ ይጨብጣል። ጉልበት ሲጨብጥ ዳሌ ይቆለፋል፤ የተቆለፈ ዳሌም እንደ እንጨት ሳጥን ከኮርቻው ላይ እየነጠረ ይመለሳል። መንገጫገጩ ሲብስ ደግሞ መጨበጡ ይብሳል። ከዚህ አዙሪት በጉልበት የወጣ ሰው አላየሁም።

ሲቀመጡ ጆሮ፣ ትከሻ፣ ዳሌና ተረከዝ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይዋሉ። ለማረጋገጥ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ፈረሱ በድንገት ከሥሬ ቢጠፋ በሁለት እግሬ ቆሜ እቀራለሁ ወይስ በጀርባዬ እወድቃለሁ? ተረከዛቸው ወደ ፊት የቀደመ ሰዎች፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሁሉ፣ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። እዚህ ላይ ኮርቻዎንም ይመርምሩ። የመቀመጫው ዝቅተኛ ቦታ ወደ ኋላ የሸሸ ከሆነ ምንም ቢታገሉ እግርዎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጥፋቱም የእርስዎ አይሆንም።

ከዚያ ለልምምዱ፣ ፈረሱ ቆሞ ሳለ ሁለቱን ጉልበቶች ከኮርቻው ጣት በማታህል ርቀት ወደ ጎን ያላቋቸው። ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችዎ ኮርቻውን ሲነኩ በግልጽ ይሰማዎታል። ጭንዎን ከጀርባ በኩል በእጅዎ ይያዙና ሥጋውን ወደ ኋላ ስበው እግርዎን ዝቅ ያድርጉ። በሶምሶማ ሲሄዱ ተቀምጠው አሥር እርምጃ ብቻ ይሂዱ። መንገጫገጭ ሳይጀምር ይነሡ፤ ፈረሱም እርስዎም ያርፋችኋል። እንደገና አሥር። ትንፋሽ መያዝ ዳሌን እንደሚቆልፍ አይርሱ፤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ቢቆጥሩ ወይም ቢያንጎራጉሩ ትንፋሽዎን መያዝ አይችሉም። ዳሌዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አይግፉ። የፈረሱ ጀርባ በግራና በቀኝ እየተፈራረቀ ዝቅ ይላል፤ የእርስዎም የመቀመጫ አጥንቶች አንዱ ሲወርድ ሌላው እየወጣ ሊከተሉት ይገባል።

እኔን ያስተማሩኝ ሴት አራት ወር ሙሉ በረዥም ገመድ ፈረሱን በክብ እያዞሩ እርካብም ዛብም አላስነኩኝም ነበር። አለቅስ ነበር። ጓደኞቼ ሜዳውን ሲያቋርጡ እኔ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እዞራለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ የእርሳቸው ብቻ ግትርነት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1735 ተሠርቶ ባለቀው የግልቢያ አዳራሽ የሚታወቀው የቪየናው የስፔን ግልቢያ ትምህርት ቤትም ጀማሪዎቹን ለረዥም ጊዜ የሚያሠለጥነው በገመድ ላይ፣ ያለ እርካብና ያለ ዛብ ነው። እጅ ለመያዣነት መፈለጉን ካላቆመ ለንግግር አይሆንም። እርስዎም በሳምንት አንድ ቀን፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ የሚያምኑት ሰው ፈረሱን በገመድ ይያዝልዎ።

ለአንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፈረሱን ይተዉትና ልጓሙን ብቻ ይዘው ከጓደኛዎ ጋር ወንበር ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ጓደኛዎ ብረቱን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ዓይኑንም ይጨፍን። እርስዎ ዛቡን ይያዙና የቀለበት ጣትዎን ብቻ ዝጉ። «አሁን ግራ፣ አሁን ቀኝ» ይልዎታል። ከዚያ ቦታ ተቀያይሩ። ክርኑ የተቆለፈ ሰው ዛብ ሲይዝ ብረቱ በእጅዎ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሲሰማዎ ፈረስዎን ይቅርታ መጠየቅ ያምርዎታል። እኔ ጠይቄያለሁ።

ጥያቄ፦ አስተማሪ፣ ዕድሜዬ 16 ነው። የምጋልበው ፈረስ ለእግር ደንዝዟል። በየእርምጃው ካልረገጥኩት ይቆማል። ከኮርቻው ስወርድ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ጓደኞቼ ተረከዝ ላይ የሚታሰረውን ብረት አድርጊ ይሉኛል። ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ አታድርጊ። ያ ብረት የሚገባው እግሩን ማዘዝ ለቻለ ፈረሰኛ ነው፤ የሚያገለግለውም ምልክትን ለማጥራት እንጂ ለማክበድ አይደለም።

ፈረስሽም አልደነዘዘም። ዝንብ ጎኑ ላይ ስታርፍ ተመልክተሽው ታውቂያለሽ? ቆዳው ያረፈችበት ቦታ ላይ ብቻ ይርገበገባል። የዝንብ እግር የሚሰማው እንስሳ የአንቺ ተረከዝ አይሰማውም ማለት አይቻልም። ይሰማዋል፤ ትርጉም እንደሌለው ግን ተምሯል። ሄደም አልሄደም ይረገጣልና፣ ለእሱ ርግጫው እንደ ዝናብ ነው፤ የሚችሉት ነገር።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ከመቶ ዓመት በፊት በበርሊን «ብልሁ ሃንስ» የሚባል ፈረስ ነበር። ባለቤቱ ቪልሄልም ፎን ኦስተን ሒሳብ አስተምሬዋለሁ ይሉ ነበር፤ ፈረሱም መልሱን መሬቱን በሰኮናው እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ የፈተናውን ውጤት አሳተመ። ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ካልቻለ፣ ሃንስም አያውቅም። ፈረሱ ሲያነብ የኖረው፣ ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ጠያቂው ሳይታወቀው ራሱን ቅንጣት ያህል ቀና ማድረጉን ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ለካ ሒሳብ አይችልም» ብሎ ያልፋል። እኔን ግን ዛሬም ድረስ የሚደንቀኝ፣ ያ ሁሉ ተመልካች በዓይኑ ያላየውን፣ ያደረገው ሰው እንኳ ያላወቀውን እንቅስቃሴ ፈረሱ ማየቱ ነው።

በዓይን ይህን ያህል ካየ፣ ጀርባው ላይ ተቀምጠሽ ደግሞ ምን ያህል ይሰማዋል? አንዲት ቡናማ ባዝራ ነበረችን፤ ስንት ጀማሪ ያሳደገች የዋህ። አንዲት ተማሪዬ ስትቀመጥባት ግን ሜዳው ጥግ ላይ በደረሰች ቁጥር ሳትታዘዝ ወደ ግልቢያ ትገባ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጅቷን «እጅሽ ነው» እያልኩ ወቀስኳት። አንድ ቀን በእርምጃ እየሄዱ ሳለ አጠገባቸው እየተራመድኩ መዳፌን በልጅቷ ጉልበትና በኮርቻው መካከል አስገባሁ። ወደ ጥጉ ስንቃረብ ጉልበቷ ጣቶቼን ጨመቃቸው፤ ትንፋሿም ቆመ። ጥጉን ትፈራው ነበር። ባዝራዋ ያንን ጭመቃ «ሂጂ» ማለት ነው ብላ ትታዘዛለች፤ ልጅቷ ደግሞ አንድም ምልክት እንዳልሰጠች በሙሉ ልቧ ታምናለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሥራሽን ልስጥሽ። በእርምጃ ሂጂ፤ እግርሽ እንደ እርጥብ ፎጣ ይንጠልጠል፤ ምንም አትንኪው። ፍጥነቱ ሲቀንስ በባትሽ አንዴ ብቻ በቀላሉ ንኪው፤ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ በር በምትዘጊበት እጅ ያህል። አንድ ትንፋሽ ጠብቂ። ካልመለሰልሽ ንክኪውን አታክብጂ፤ ከእግርሽ ኋላ በአለንጋው አንዴ፣ ግልጽ አድርገሽ ንኪው። በንዴት አይሁን። ሲሄድልሽ፣ ዘሎ ሶምሶማ ቢጀምርም እንኳ፣ ዛቡን አትሳቢበት፤ «ጎሽ» በዪና ተዪው። ከዚያ መልሰሽ አረጋጊውና የመጀመሪያዋን ቀላል ንክኪ ድገሚ። አብዛኞቹ ፈረሶች በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ላይ በቀላሉ ይሄዳሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው ከባዱ፤ ሲሄድ እግርሽን ዝም ማድረግ። ፈረስ የሚማረው ከነካሽው ነገር ሳይሆን ከመተውሽ ነው። የመለሰልሽ ቅጽበት ላይ ካልተውሽ ምን እንደጠየቅሽው ሊያውቅ አይችልም።

ጊዜውንም ተማሪ። በእርምጃ የግራ የኋላ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ፊት ሲመጣ ሆዱ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ የአንቺ ግራ እግር ያኔ በራሱ ወደ ጎኑ ይወድቃል። መጠየቂያው ጊዜ ያ ነው፤ እግሩ አየር ላይ ነውና ወደፈለግሽው ሊያደርሰው ይችላል። መሬት ረግጦ ክብደት ተሸክሞ ሳለ ብትጠይቂው ከየት ያነሣዋል? አንድ ሰው ፈረሱን እየሳበልሽ ዓይንሽን ጨፍኚና የግራ የኋላ እግሩ በተነሣ ቁጥር «አሁን» በዪ። ከጎን የሚያይ ሰው ያርምሽ። መጀመሪያ ትስቻለሽ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ግን መቀመጫሽ ከአፍሽ ቀድሞ ይነግርሻል።

ለመሆኑ ፈረሱ ጤነኛ ነው? በድንገት የሰነፈ ከሆነ ጀርባውን፣ ሰኮናውንና የኮርቻውን ልክ በእንስሳት ሐኪም አስመርምሩት። የታመመን ፈረስ ለእግር እንዲታዘዝ ማስተማር በደል ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ታች ማየቴን ማቆም አልቻልኩም። ካላየሁት ፈረሱ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። በእርግጥ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል። የሰው ራስ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል፤ እሱ ወደ ፊት ሲያዘነብል ትከሻ ይከተለዋል፣ ደረት ይዘጋል፣ ክብደትዎም ፈረሱ ሊያቀለው በሚደክምበት የፊት እግሩ ላይ ይወድቃል። በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል አሻግረው፣ ሊደርሱበት ያሰቡትን ቦታ ይመልከቱ። በድሬሳዥ ሜዳ ዙሪያ የተተከሉት ፊደላት ለዚህም ይጠቅማሉ፤ አንዱን ፊደል ሲያልፉ ዓይንዎ ቀጣዩ ላይ ይረፍ። ፈረሱ የሚሠራውን ለማወቅ መቀመጫዎን ይጠይቁ፤ ከላይ ያለው የ«አሁን» ልምምድ ለእርስዎም ነው።

ጥያቄ፦ አሠልጣኜ በየደቂቃው «ግማሽ ማቆም አድርጊ» ትለኛለች። ማቆም ይገባኛል፤ መሄድም ይገባኛል። ግማሹ ምንድን ነው? እኔ ዛቡን ስስብ ፈረሱ ይቀዘቅዛል፤ ስለቅ ይሮጣል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት ከሚያስቡት በላይ ብዙ ናቸው፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ ስሙ ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር። ግማሽ ማቆም ማለት ልታቆሚው ጀምረሽ፣ ፈረሱ «እሺ፣ ላቆም ነው» ብሎ ክብደቱን ወደ ኋላ እግሮቹ ሲያዘነብል፣ «አይ፣ ሂድ» ማለት ነው። ሁሉም በአንድ እርምጃ ውስጥ ያልቃል። ፈረሱ አልቆመም፤ ግን ተሰብስቧል፣ አዳምጦሻል፤ ለሚቀጥለው ነገር ተዘጋጅቷል።

ግማሹን ለመማር ሙሉውን ተማሪ። በእርምጃ ስትሄጂ ዳሌሽ ከፈረሱ ጋር ይወዛወዛል። ለማቆም ስትፈልጊ መጀመሪያ ትንፋሽሽን አስወጪ፤ ቁመትሽን ሳታጥሪ ወገብሽ ውስጥ ጠንከር በዪና ዳሌሽ መከተሉን ያቁም። ጭንሽን በጥቂቱ ዝጊ። እጅሽ አይስብ፤ አፉን መከተሉን ብቻ ያቁም። ቆመ? ወዲያው ሁሉንም ልቀቂ። ይህን አሥር ጊዜ ካደረግሽ በኋላ ፈረሱ ትንፋሽሽን ሲሰማ ዛቡን ሳይጠብቅ መቆም ይጀምራል። ያኔ ትንፋሹንና ወገቡን ብቻ ስጪው፤ ሊቆም ባሰበበት ቅጽበት በባትሽ ወደ ፊት ላኪው። ይኸው፣ ግማሽ ማቆም አደረግሽ። በሶምሶማ ስትሞክሪው ፍጥነቱ ሳይቀንስ ከፊትሽ ያለው አንገት ከፍ፣ ከኋላሽ ያለው ወገብ ዝቅ ያለ ከመሰለሽ ትክክል ነው።

አንቺ ስትስቢ የሚቀዘቅዘው እግርሽ ስለተኛ ነው፤ ስትለቂ የሚሮጠው ደግሞ ተደግፎብሽ ስለነበር ነው። በአንድ ዙር ውስጥ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ ስምንት ጊዜ ለውጪ፤ በእርምጃ የምትቆዪው አራት እርምጃ ብቻ ይሁን። ከዚያ ሦስት እርምጃ፣ ሁለት፣ አንድ። መጨረሻ ላይ ወደ እርምጃ ሊገባ ሲል መልሰሽ ትልኪዋለሽ። ይህ ልምምድ ለብዙ ተማሪዎቼ ከማንኛውም ማብራሪያዬ የተሻለ አስተማሪ ሆኖላቸዋል።

ጥያቄ፦ ፈረሴ ወደ ግራ ክብ ሲዞር እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ወደ ቀኝ ግን የቀኙን ዛብ ብጎትትም አንገቱን ብቻ አጥፎ በግራ ትከሻው ወደ ውጭ ይሸሻል። ግትር ነው?

መልስ፦ ፈረሶች እንደ ሰው ግራኝና ቀኝ አላቸው፤ ፍጹም ቀጥ ያለ ሆኖ የሚወለድ የለም። ነገር ግን በፈረሱ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ራስዎን ይመዝኑ፤ ቃል በቃል። ሁለት የሰውነት ክብደት መለኪያዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ዓይንዎን ጨፍነው በሁለቱ ላይ አንድ አንድ እግር ያድርጉ። ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ ብለው ሲያምኑ ሌላ ሰው ቁጥሮቹን ያንብብልዎ። ብዙ ሰው ልዩነቱን ሲሰማ አያምንም።

ከዚያ በቀኝ ክብ ላይ ሲሄዱ ከኋላ በስልክ ያስቀርጹ። በጣም የተለመደው ጥፋት ይህ ነው፦ ፈረሰኛው ወደ ቀኝ ለመዞር ቀኝ ወገቡን ይሰብራል፣ ቀኝ ትከሻውን ይጥላል፤ እሱ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ይመስለዋል፣ መቀመጫው ግን ወደ ግራ ተንሸራቷል። ፈረሱም ክብደቱ ወዳለበት፣ ወደ ግራ፣ ይሄዳል። ታዛዥ ፈረስ ነው እኮ። የኮርቻው መካከለኛ ስፌት ከፈረሱ አከርካሪ ጋር ገጥሞ እንደሆነም በምስሉ ላይ ይመልከቱ። እርካቦቹንም አይርሱ፤ ሁልጊዜ ከግራ በኩል ስለምንወጣ የግራው እርካብ ጠፍር እየተሳበ ይረዝማል፤ የቀዳዳው ቁጥር እኩል መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ጠፍሮቹን አውርደው ይለኩ፤ በየጊዜውም ግራና ቀኙን ያለዋውጡ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? ወገብዎን ማቃናት የእርስዎ ድርሻ ነው። በ20 ሜትር ክብ ላይ ቀኝ እጅዎን ሽቅብ ዘርግተው በእርምጃ አንድ ዙር ይሂዱ፤ ዛቡን በግራ እጅዎ ይያዙ። የቀኝ ጎንዎ ሲረዝም የቀኝ መቀመጫ አጥንትዎ ኮርቻውን ያገኘዋል። ከዚያ እጅዎን ይመልሱና እምብርትዎን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ያዙሩ፤ የግራው ዛብ የግራ ትከሻውን ይያዝለት፤ የቀኙን ዛብ በየጥቂት እርምጃው ፈታ ያድርጉት። የቀኙን ዛብ ለመፍታት ድፍረት ይጠይቃል። ሲፈቱት ግን ፈረሱ ወደ ውጭ መሸሹን ሲተው ያዩታል።

ጥያቄ፦ በአደጋ ምክንያት ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች አይታዘዘኝም። ከአደጋው በፊት እጋልብ ነበር። ድሬሳዥ በእግር ምልክት የሚሠራ ስለሆነ ተስፋ ልቁረጥ?

መልስ፦ አይቁረጡ። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ሊስ ሃርቴል የተባለች ዴንማርካዊት ፈረሰኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1944፣ በ23 ዓመቷ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች ፖሊዮ ያዛት። ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ እግሮቿ ግን ከጉልበት በታች ሽባ ሆነው ቀሩ። ፈረስ ላይ ለመውጣትም ለመውረድም ሰው ይረዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ሴቶች በኦሎምፒክ ድሬሳዥ ከወንዶች ጋር እንዲወዳደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድ ሄልሲንኪ ላይ ጁቢሊ በምትባል ፈረሷ የብር ሜዳሊያ አገኘች፤ በ1956ም በስቶክሆልም ደገመችው። ጁቢሊን ባቷ አልነበረም የሚያናግራት፤ ክብደቷ፣ ጭኗና ወገቧ ነበሩ።

ለእርስዎም መንገዱ ያው ነው። የማይታዘዘው ባትዎ ይሰጥ የነበረውን ምልክት ለፈረሱ በሌላ ቋንቋ ማስተማር ያስፈልጋል። አለንጋን በግራ እጅ ይያዙ፤ እግርዎ ይነካ በነበረበት ቦታ ላይ በቀስታ በመንካት እንደ እግር ይጠቀሙበት። የአካል ጉዳት ያለባቸው ፈረሰኞች በሚወዳደሩበት ፓራ ድሬሳዥ፣ እግራቸውን ማዘዝ የማይችሉ ሁለት አለንጋ እንዲይዙ ይፈቀድላቸዋል፤ ይህ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ውስጥ አለ። ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ቢወድቁ እግርዎ እንዳይያዝ የሚለቅ ወይም ፊቱ የተዘጋ እርካብ ያሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረዥም ገመድ፣ በእርምጃ ብቻ ይሁኑ። ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶችዎ እኩል መጫናቸውን ደጋግመው ይመርምሩ፤ ጤነኛው እግር ሳያስቡት አብዝቶ ይጫናልና።

በደብዳቤዎ ላይ ከአደጋው በፊት ይጋልቡት የነበረው ፈረስ ዛሬም እንዳለ አልነገሩኝም። ካለ፣ መጀመሪያ ቆመው ጋማውን ያዙና ምን እንደሚያስታውስ ይዩ፤ ከዚያ ይጻፉልኝ፤ ቀጣዩን እርምጃ አብረን እናስብበታለን።